ሽማግሌዎቹ ሳይቆሙ ተቀመጡ

ሐርጌሳ ውስጥ ባል ነበረኝ። ይህን ሞጣ ላይ ስናገር ሰው ፈገግ ይልብኛል፤ ስለዚህ መናገሩን ትቻለሁ። ወረቀት ስለማያቋርጠኝ ግን ልጻፈው።

በነርስነት ተመርቄ ሥራ ሳጣ ነው በጅጅጋ አድርጌ፣ ቶጎ ውጫሌን ተሻግሬ ሶማሌላንድ የገባሁት። አንድ የግል ክሊኒክ ቀጠረኝ። ባሌ ያልኩት ሰው የቢቸና ልጅ ነው፤ በሕንፃ ሥራ ላይ የኤሌክትሪክ መስመር ይዘረጋ ነበር። ሞጣና ቢቸና በአንድ መንገድ ላይ ያሉ ከተሞች ናቸው፤ እኛ ግን ለመተያየት ድንበር መሻገር ነበረብን። አንድ ቀን ኮረንቲ እጁን አቃጥሎት ክሊኒክ መጣ። ቁስሉን ሳሽግለት በአነጋገሬ ለየኝና "የጎጃም ልጅ ነሽ አይደል?" አለኝ። ከዚያ በኋላ ቁስሉ ድኖም መምጣቱን አልተወም።

እዚያ አገር ያልተጋቡ ወንድና ሴት አብረው ቤት አይከራዩም። የምንጋባበት ቤተ ክርስቲያን ደግሞ በአካባቢያችን አልነበረም። ስለዚህ እኛው ስደተኞቹ ሰብሰብ ብለን ወጉን እንደምናውቀው አደረግነው። ከመካከላችን በዕድሜ የሚበልጡት አንድ የወሎ መካኒክ ነበሩ፤ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። እሳቸው የኔ አባት ሆኑ። የእሱ ጓደኞች ሽማግሌ ሆነው መጥተው በራፋቸው ላይ ቆሙ። ጋሼም ኮስተር ብለው "ምን ፈልጋችሁ ነው?" ብለው ጠየቁ፤ ሰምተው "ሌላ ቀን ተመለሱ" ብለው ሸኟቸው። በሁለተኛው ሲፈቅዱ ጉልበታቸውን ስሜ አለቀስኩ። እሳቸውም አለቀሱ። በዓይኔ አይቻለሁ።

አከራያችን በልጅነቷ ጅጅጋ አካባቢ በስደት ያደገች፣ አማርኛ የምትችል የሶማሌ ሴት ነበረች። ወሬዋ ሁሉ ስለ አገሯ ነው። "መንግሥት አለን፣ ፖሊስ አለን፣ የራሳችን ገንዘብ አለን፣ መሪያችንን እንመርጣለን፤ ዓለም ግን የላችሁም ይለናል" ትለኛለች። "እኔ ከሌለሁ ታዲያ አንቺ የማን ቤት ነው የምትኖሪው?" አንድ ጊዜ ልጇን ውጭ አገር ልታሳክም ተነስታ፣ በያዘችው የአገሯ ፓስፖርት ምክንያት ከአውሮፕላን ማረፊያ መልሰዋታል። ያን ቀን አብሬያት አዘንኩ። የሷ ጣጣ እኔን ይነካኛል ብዬ ግን አንድም ቀን አላሰብኩም።

ኋላ ከእኛ መንግሥት ጋር ስምምነት ተፈረመ፣ እውቅና ሊመጣ ነው ተባለና ከተማው በጭፈራ ተናወጠ። አከራያችን ሐልዋ የሚሉትን ጣፋጭ ይዛልኝ መጣች። እኔ ራሴ ፈርሜ የመጣሁ ይመስል "አገርሽ አወቀችን!" ብላ አገላብጣ ሳመችኝ። ከዚያ ወሬው ቀዘቀዘ። በራፌ ላይ ቆማ "የእናንተ ሰዎች ምን አሉ?" ስትለኝ "ታገሺ፣ ይሆናል" እላታለሁ። እኔ ደግሞ እሱን "ለአባቴ ሽማግሌ የምትልከው መቼ ነው?" ስለው "ታገሺ፣ ይሆናል" ይለኛል። ማታ ራት ላይ ይህንኑ አንስቼ እየሳቅሁ አጫውቼዋለሁ፤ እሱም ስቋል።

ሥራው ሲያልቅ አገራችን እንግባ አለ። ከአዲስ አበባ ተሳፍረን፣ ደጀንን አልፈን ቢቸና ስንደርስ ሻንጣውን አወረደ። አብሬው ልወርድ ስነሳ "አንቺ እለፊ። በወጉ ይሁን፤ ሽማግሌ ልኬ እወስድሻለሁ" አለኝ። አልከፋኝም፤ እንዲያውም ደስ አለኝ። ወግ አዋቂ ባል ሰጠኝ ብዬ በመስኮት እጄን እያወዛወዝኩ ሞጣ ገባሁ። ለእናትና አባቴም ባል አለኝ፣ በአባት ወግ ሊጠይቃችሁ ነው አልኳቸው። አባዬ ሳላማክረው ማግባቴ ቢከነክነውም ሽማግሌ ይመጣል ስለው ለዘብ አለ።

ከዚያ መጠበቅ ሆነ። መንገድ ሲዘጋ በመንገዱ፣ ስልክ ሲጠፋ በኔትወርኩ አሳበብኩ። በመጨረሻ ከቢቸና "እሁድ ጠዋት ሽማግሌዎች ይመጣሉ" የሚል መልእክት ደረሰን። እናቴ ጠላ ጠመቀች። እኔ ቤቱን ስጠርግ፣ ደጁን ስጠርግ፣ የጎረቤት ደጅ ሳይቀር ስጠርግ ዋልኩ።

እሁድ ከጓዳ ሆኜ በመጋረጃው ጠርዝ አያለሁ። ጋቢ የለበሱ፣ ከዘራ የያዙ ሦስት ሰዎች ናቸው። አባዬ ተነስቶ "ኖር! ግቡ፣ ተቀመጡ" አላቸው። በእኛ ወግ ልጅ ሊጠይቅ የመጣ ሽማግሌ ተቀመጥ ቢሉት አይቀመጥም፤ "ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም" ብሎ ከዘራውን ተደግፎ ይቆማል። እነዚህ ግን ወዲያው ወንበር ስበው ተቀመጡ። እናቴ እጄን ጭብጥ አድርጋ ያዘችኝ። አንድም ቃል ሳይተነፍሱ ሁለታችንም አወቅነው።

"የመጣነው ለልጅ አይደለም" አሉ ትልቁ ሽማግሌ። "ልጃችን እዚያው ቢቸና ሊያገባ ነው፤ ቀለበት አስሯል። ልጅዎ ግን ባሌ ነው ትላለች አሉ። ያው በሰው አገር አብረው ሠርተዋል፣ ተረዳድተዋል። ነገሩ እዚያው ይቅር፣ ስማቸው አብሮ አይነሳ ብለን እርስዎን ልንለምን ነው።"

መጋረጃውን ገልጬ ወጣሁ። "አብሮ መሥራት? ተጋብተናል! አባት ሆነው የዳሩኝ ሰው አሉ!" አልኩ።

አባዬ ቀና ብሎ አየኝና "እስቲ እሳቸው ይናገሩ" አለ።

ሐርጌሳ ለጋሼ ደውዬ ድምፁን ለሁሉም ከፈትኩት። ነገሩን እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ከዚያ እኔን ትተው ለአባቴ ተናገሩ። "ጌታዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ያ እኮ ለቤት አከራይዋ ተብሎ የተደረገ ነው። ካልተጋባችሁ አላከራይም ብትላቸው ነው። እርስዎ በሕይወት እያሉ እኔ የርስዎን ልጅ እንዴት እድራለሁ?"

"ጋሼ፣ አልቅሰው ነበር እኮ!" አልኳቸው።

"አገሬ ትዝ ብሎኝ ነው፣ ልጄ" አሉ።

አባዬ ስልኩን ከእጄ ወስዶ ዘጋው። ይቆጣል፣ ያባርራቸዋል ብዬ ነበር። ተነስቶ በገዛ እጁ ጠላ ቀዳላቸው። ለኔ ሠርግ ወግ የተጠመቀውን ጠላ ጠጥተው፣ "የራስሽን ይስጥሽ" ብለው መርቀውኝ ወጡ። ከዚያ ቀን ወዲህ አባዬ ስለ ሐርጌሳ አንስቶ አያውቅም። እኔም ስለዚያ ጠላ ይቅር አላልኩትም።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ አከራያችን ደወለች።

"ቤቱን ለሰው አልሰጠሁትም፤ ትመለሳላችሁ ብዬ" አለችኝ። "ባልሽ ደህና ነው?"

ባልሽ። ይህን ቃል የሚለኝ ሰው እሷ ብቻ ቀርታለች። ልነግራት አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት፤ ለሷ እንኳ ባል ይኑረኝ ብዬ "ደህና ነው" አልኳት።

"አገርሽስ? ስለ እኛ ምን አለች?"

ታገሺ፣ ይሆናል ልላት አልቻልኩም።

"አትጠብቂ" አልኳት።

ስለ አገሯ ብቻ የነገርኳት መስሏት ተሰናብታኝ ስልኩን ዘጋች።