ቴርሞሜትሩ ወንድሜ

ወንድሜን ጋራዡ ውስጥ ሁሉም «ቴርሞሜትር» ይሉታል። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የሞተር ሙቀት የለካው በመዳፉ ነዋ! ዳሽቦርዱ ላይ ያለው የሙቀት መርፌ ቀይ ሲገባ፣ እሱ ከሞተሩ ወደ ራዲያተር የሚሄደውን ወፍራም ቱቦ ጭብጥ ያደርጋል። ካልፈጀው «ሞተሩ ደህና ነው፤ የሚቀጥፈው ሴንሰሩ ነው» ብሎ ይፈርዳል። በመለኪያ መሣሪያው፣ በቴስተር ለካ ሲሉት ይስቅባቸዋል። ግትር! ከልጅነቱም እንዲሁ ነው።

እኔ እህቱ እዚያው አጠገቡ መለዋወጫ እሸጣለሁ። ዘንድሮ ምን እንደነካው እንጃ፣ ደህና ናቸው ብሎ የሸኛቸው ሁለት መኪኖች መንገድ ላይ ሞተራቸው ተቃጠለ። ባለጋራዡ ጠርቶ «ሦስተኛ ከተደገመ ልብስህን ሰብስብ» አለው። በዚህ ዕድሜው ማን ይቀጥረዋል? ጭንቀቱ ስኳር በሽታው ላይ ተደርቦበት ክስት ብሏል።

ትናንት ረፋድ ላይ አንድ ታክሲ መጣ፤ መርፌው ቀይ ላይ። ወንድሜ ቱቦውን ጨበጠና «ሴንሰር!» አለኝ። እንደ ሙያው ደንብ ሞተሩ እስኪበርድ ጠብቆ፣ ከእኔ ሱቅ በወሰደው አዲስ ሴንሰር ቀየረው። ሲያስነሳው ሩብ ሰዓት ሳይሞላ መርፌው ያው ቀይ።

«ዕቃሽ እኮ የማይረባ ነው!» ብሎ ጮኸብኝ።

«ዕቃዬን ተወው! እስቲ ለአንዴ እንኳ በቴስተር ለካው፣ በሞቴ!»

«ምን ቴስተር ያስፈልገዋል? ይኸው ጨብጬዋለሁ፣ በርዷል። ነይ ንኪው፣ እትዬ!»

እልህ ይዞኝ ሄድኩ። ገና ጣቴ ሲያርፍበት «ወይኔ!» ብዬ ዘለልኩ። የእሱ እጅ ግን አሁንም ቱቦው ላይ ነው። ጎትቼ አላቀቅኩት። መዳፉ ውሃ ቋጥሯል፤ ከሥሩ የቆየ ቁስልም አለ። ሐኪሙ አምና ስኳሩ እጅና እግርህን ሊያደነዝዝ ይችላል ብሎት ነበር። ለካ ደንዝዞ ኖሯል! እነዚያን ሁለት መኪኖችም በዚሁ እጅ ነው የለካቸው።

መዳፉን አየ፣ ፊቴን አየ።

ባለጋራዡ ከቢሮው ብቅ ብሎ «እሺ፣ ምኑ ነው?» አለ።

ወንድሜ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ። «እትዬ፣ ሞቋል? ቶሎ ንገሪኝ።»

«እሳት ነው» አልኩት፣ እንባዬን ዋጥ አድርጌ።

«ሴንሰሩ ደህና ነው! የፈላው ሞተሩ ራሱ ነው!» ብሎ በሙሉ ድምፁ መለሰ፤ የተቃጠለ እጁን ከኋላዬ ደብቆ።