ሚስተር ሞሪ የሣለው ዳዊት
ነጋዴ ነኝና ዋጋውን አስቀድሜ ልንገራችሁ፤ ያ ሥዕል ያስከፈለኝ የወንድሜን ሳቅ ነው። ዛሬም ሲልቬራዶ ራንች በሚባለው ሰፈር ካለችው ሱቄ አጠገብ ማተሚያ ቤቱ በሩን ሲከፍት፣ የቀለም ሽታ አፍንጫዬን ይዞ ወደ ሚስተር ሞሪ ክፍል ይመልሰኛል።

ሚስተር ሞሪ በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ መጀመሪያ፣ ላስ ቬጋስ ውስጥ ግድግዳ የሚያዋስነን ጎረቤታችን ነበር። በአገሩ በጃፓን የሚያስበረግጉ የሥዕል ታሪኮችን እየሠራ ስም አትርፎ፣ ለሳምንት ሊዝናና መጥቶ ካዚኖው ያስቀረው ሰው ነው። በሰመር፣ አስፋልቱ የጫማ ሶል በሚያቀልጥበት ሙቀት፣ መስኮቱን ዘግቶ ፀጉሯ ፊቷን የሸፈነ ሙት ሴት፣ ከግድግዳ የሚወጣ እጅ ሲሥል ይውል ነበር። ሲመሽ ደግሞ ራሱ ፈርቶ መብራት ሳያጠፋ ይተኛ ነበር።

ሙቀቱ በረድ ሲል የዳዊት ሙት ዓመት ደረሰ። ታላቄ ነበር፤ ወደ ሱዳን ስንሰደድ በረሃ ላይ በንዳድ ሞተ፣ አንድ ፎቶ እንኳ አልነበረውም። እማዬ የሆቴል ክፍል ስታጸዳ ውላ ከሺፍት ስትመለስ አገጬን ይዛ፣ «አፍንጫው እንዳንተ ነበር? ንገረኝ እንጂ፣ እየጠፋብኝ ነው!» እያለች ታለቅስ ነበር። በመጨረሻ እየጎተተችኝ የሚስተር ሞሪን በር አንኳኳች።

«ልጄን ይሣልልኝ በለው።»

«እማዬ፣ እሱ እኮ የሚሥለው ጭራቅ ነው።»

«አፍህን ዝጋ! በለው ብያለሁ።»

ሚስተር ሞሪ፣ «እጄ ደህና ፊት አያውቅም፣ ያበላሸዋል» አለ፤ እሷ ግን ሳልተረጉምላት ወንበር ስባ ተቀምጣለች።

ብርዱን ሙሉ እሷ ስትናገር፣ እኔ ስተረጉም፣ እሱ ሲሥል ከረምን። እኔ የማስታውሰው ዳዊት የፊት ጥርሱ ወልቆ የሚንከተከት ነበርና ያንኑ ነገርኩት፣ አሳምሮ ሣለው። እማዬ አየችና፣ «ይሄ የሰው ልጅ ነው፣ የኔ አይደለም» ብላ መለሰችለት። ሌላ ሣለ፣ ሌላም፤ ሁሉንም መለሰች። አንድ ቀን ብዕሩን አስቀምጦ፣ «መጨረሻ ያየችው ምን ሆኖ ነው? ጠይቃት» አለኝ። ጠየቅኋት። ከንፈሩ ተሰነጣጥቆ፣ ዓይኑ ወደ ላይ ተሰቅሎ፣ ምላሱ ደርቆ ውሃ ሲለምናት ነበር። ለሚስተር ሞሪ ይሄ የለመደው ሥራ ነበርና እጁ ሳያቆም ጨረሰው። እማዬ ወረቀቱን ነጥቃ ደረቷ ላይ ለጥፋ፣ «ዳዊቴ! እሱ ነው! መጣልኝ!» እያለች መሬት ላይ ተቀመጠች። ሰው በማስፈራት እንጀራ የበላው ሰውዬ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ አለቀሰ።

የአሸዋው ነፋስ ወቅት ሲመጣ እማዬ ሥዕሉን ፍሬም አስገብታ ሳሎን ሰቀለችው፤ እስክትሞትም ድረስ ከሥራ ስትገባ ቀድማ ሰላም የምትለው እሱን ነበር። እኔ ዓይኔን ጨፍኜ አልፍ ነበር።

ያኔ ስጨፍን የሚመጣልኝ ጥርሰ ወላቃው ልጅ ነበር። ዛሬ ስጨፍን የሚመጣው ሳሎን የተሰቀለው ነው፤ ሌላውን ብፈልግ ብፈልግ አላገኘውም። እናቴ ልጇን አገኘች። እኔ ወንድም የለኝም።