ከቃጭሉ ሥር የነበረው ድምፅ

ባለፈው ሐሙስ ልጄ መኪናዋን ይዛ ከአርባ ምንጭ ጂንካ መጥታ ስለነበር፣ ቀይ አፈር ገበያ ደርሰን እንምጣ ተባብለን ወጣን። ካኮን አልፈን ጥቂት እንደሄድን ከኋላ በኩል አንድ ድምፅ ሰማሁ። ቀጭ… ቀጭ… ቀጭ። ልጄ ሬዲዮኑን ከፍታ ከዘፋኙ ጋር አብራ እየዘፈነች ነበርና አልሰማችም።

«አቁሚ» አልኳት።

«ምነው እማዬ?»

«ጎማው ይጮሃል። አቁሚ!»

«ኧረ ምንም የለም፤ አስፋልት ላይ እኮ ነን!»

«አስፋልትም ቢሆን አቁሚ ብዬሻለሁ!»

እንዲህ ጮኼ ስለማላውቅ ደንግጣ ዳር ያዘች። ወርዳ ብታይ በጎማው ጥርስ መሐል አንዲት ጠጠር ተሰንቅራለች። በቁልፏ ጫፍ ፈልቅቃ አወጣቻትና «ለዚህች ነው ይሄ ሁሉ?» ብላ ሳቀች። ፊቴን ስታይ ግን ሳቋን አቆመች። የተወለደችበትን ቀን ነገር በቁርጥራጩ እንጂ ከነሙሉው ነግሬያት እንደማላውቅ ያኔ ነው የታወቀኝ። አያቷ በሕይወት ሳለች ታሪኩን ለራሷ ወስዳው ነበር፤ እሷ ስታወራው ከመላእክት በቀር ማንም አይገባበትም። እናም እዚያው መንገድ ዳር፣ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠን እኔ እንደማስታውሰው ነገርኳት።

ዘመኑ የደርግ ነው። ከመምህራን ማሠልጠኛ እንደወጣሁ ዕጣ ስናወጣ ቱርሚ ደረሰኝ። ጂንካ ተወልጄ ያደግሁ ብሆንም ቱርሚን የማውቃት በስም ብቻ ነበር። እናቴ ወሬውን ስትሰማ አኮረፈች፤ ማንን እንዳኮረፈች ግን እሷም የምታውቀው አይመስለኝም። ቱርሚ ያን ጊዜ ጥቂት የቆርቆሮ ቤቶች፣ አንድ ክሊኒክ፣ የእኛ ትምህርት ቤትና ከሁሉም የሚበልጥ ሙቀት ነበረች። ጠመኔው እጄ ላይ በላብ ይሟሟል። ማታ ማታ ነፋሱ ከወንዙ አሸዋ ላይ ሲነሣ ብቻ ሰው ሰው መሽተት እንጀምራለን።

ሳጎን ያገኘኋት ወተት ስታመጣልኝ ነው። የሐመር ሴት ናት፤ በዕድሜ ጥቂት ትበልጠኛለች። ጸጉሯ በቅቤና በቀይ አፈር ተለውሶ ተገምዷል፤ ክንዷ ደግሞ በብረት አምባር ተሞልቷል። አማርኛን የተማረችው ገበያ ላይ ስለሆነ ሴቱንም ወንዱንም፣ ፖሊሱንም ፍየሉንም «አንተ» ነበር የምትለው። መምህር አይደለሁ፣ ላርማት ሞከርኩ። «አንቺ በይኝ እንጂ» ብላት «እሺ አንተ» አለችኝና ተውኩት። ወተቱን ሰጥታኝ ቶሎ አትሄድም። አንዳንዴ ሾፎሮ ይዛ ትመጣለች፤ የቡና ገለባ ተፈልቶ በቅል የሚጠጣ ነው። በረንዳዬ ላይ ቁጭ ብለን እየተቀባበልን ስንጠጣ፣ ብዙም ሳናወራ ፀሐይ ትጠልቅ ነበር። እናቴን ስናፍቅ የምታውቅብኝ እሷ ብቻ ነበረች።

በሁለተኛው ዓመቴ አግብቼ አረገዝኩ። ባለቤቴ ለሥልጠና ሩቅ ሄዶ ስለነበር እንደ ወጉ እናቴ ቤት ሄጄ ልወልድ ቀን ቆርጬ ነበር። ቀኑን የቆረጥኩት እኔ እንጂ ልጄ አይደለችምና፣ አንድ ጧት ገና ከአልጋዬ ሳልወርድ ምጡ ቱርሚ ላይ ያዘኝ።

የክሊኒኩ ድሬሰር ሆዴን ደጋግሞ ዳበሰና ላቡን ጠረገ። «መምህርት፣ ልጁ በእግሩ እየመጣ ነው። እኔ እዚህ ብቻዬን የምችለው አይደለም። ዛሬውኑ ጂንካ መድረስ አለብሽ» አለኝ። እችላለሁ ብሎ ስላልዋሸኝ እስከ ዛሬ አመሰግነዋለሁ። ዛሬ ካልደረስኩስ ብዬ አልጠየቅኩትም፤ እሱም አልነገረኝም።

የዚያን ዕለት ቱርሚ ውስጥ የነበረችው አንዲት ሸራ የለበሰች የመሥሪያ ቤት መኪና ብቻ ነበረች። ሾፌሯ ጋሽ ደምሴ ይባላሉ፤ ግንባራቸው ላይ ፎጣ ጠምጥመው ከመንገዱም ከፀሐዩም ከፍየሉም ጋር ሲጨቃጨቁ የሚውሉ ሰው ናቸው። አንድ ነገር ግን ይመኩበታል። «መኪና በሽታዋን ራሷ ትናገራለች፤ የጠፋው የሚሰማ ጆሮ ነው» ይላሉ። ጉዳዬን ሲሰሙ አንድም ቃል ሳይጨቃጨቁ ፍራሽ አስነጥፈው ከኋላ አስጫኑኝ።

ሳጎ በዚያው ሰዓት ደረሰች። ልትሰናበተኝ ነበር አመጣጧ። ዲመካ አጠገብ የወንድሟ ልጅ ከብት የሚዘልበት ቀን ነው። በሐመር አንድ ወጣት ጎን ለጎን በተሰለፉ ከብቶች ጀርባ ላይ ሮጦ ካልተሻገረ ሚስት አያገባም። በዚያ ቀን የዘመድ ሴቶች እግራቸው ላይ ቃጭል አስረው፣ መለከት እየነፉ ይጨፍሩለታል። አክስት ሆኖ ከዚያ መቅረት ነውር ነው። ሳጎም ሁለት እግሮቿን ከጉልበቷ በታች በቃጭል ሞልታ፣ በቅቤ ተወልውላ ነበር የመጣችው። ስጫን አየችና ዘላ ወጥታ ራስጌዬ ተቀመጠች። ዲመካ መንገዳችን ላይ ስለሆነ እስከዚያ የምትሸኘኝ መሰለኝ።

ዝናቡ በቅርቡ ያባራበት ወቅት ነበር። በሸራው ቀዳዳ ለምለም ሣር፣ ከሰው የሚረዝም የምስጥ ኩይሳና ከመንገዱ ላይ እየተንጫጩ የሚበተኑ ጅግራዎች ይታዩኝ ነበር። የረጠበ የግራር ሽታና የሳጎ ቅቤ አብረው ያውዱኛል። መኪናዋ ስትነጥር የሳጎ ቃጭል በአንድነት ይጮሃል። አንድ ደረቅ ወንዝ ተሻግረን እንደወጣን ነው ከዚያ ሁሉ ቅጭልታ መሐል ሌላ ድምፅ የሰማሁት።

«ያንን ቃጭል!» ብለው ጮኹ ጋሽ ደምሴ። «ሴትዮ፣ እግርሽን ያዢ እንጂ! መኪናዬን መስማት አልቻልኩም!»

ሳጎ እግሯን ጥርቅም አድርጋ ያዘች። አልበቃ ሲል መኪናዋ ቆመችና ሳጎ ሣር ነጭታ በየቃጭሉ ውስጥ ወተፈች። ጉዞ ቀጠልን፤ ድምፁም ቀጠለ። «እንግዲያው አምባሩ ነው!» አሉ። ሳጎ ነጠላዬን ወስዳ ክንዷን ጠቀለለች። ድምፁ ግን አሁንም አለ።

ምጥ ፋታ ይሰጣል። በፋታው ጊዜ ሰው ጆሮ ብቻ ይሆናል፤ እንደዚያን ቀን አጥርቼ ሰምቼ አላውቅም። ቃጭልና አምባር የሚጮኹት መኪናው ሲነጥር ነው። ይሄኛው ግን መንገዱ ለጥ ሲልም አለ። ጋሽ ደምሴ ነዳጅ ሲረግጡ ይፈጥናል፣ ሲቀንሱ ይዘገያል። ደግሞም በጆሮዬ ብቻ አልነበረም የሚሰማኝ፤ በፍራሹ አልፎ ወገቤን ይመታኛል።

«ጋሽ ደምሴ፣ ያቁሙ! ጎማው ነው» አልኳቸው።

«የኔ ልጅ፣ አንቺ ምጥሽን አምጪ፤ ጎማውን ለእኔ ተዪው» አሉ። «አሁን በየመንገዱ ብንቆም አንቺን ምን ላደርግሽ ነው?»

እውነታቸውን ነበር። መቆም የሌለኝን ጊዜ ይበላብኛል። አለመቆም ደግሞ ምን እንደሚያመጣ ማናችንም አናውቅም። ምጡ ሲመለስ ድምፁንም ጋሽ ደምሴንም ረሳሁና የሳጎን እጅ ነከስኩ። እጇን አልሳበችም።

ዲመካ ስንደርስ የመለከቱ ድምፅ ከሩቅ ይሰማል። ጋሽ ደምሴ አቆሙ። «በይ ሴትዮ፣ አገርሽ ደረስሽ፤ ውረጂ። ቃጭሉም ይገላግለን» አሉ።

ሳጎ ወደ መለከቱ አቅጣጫ ለጥቂት ጊዜ አየች። ከዚያ ጎንበስ አለችና የቀኝ እግሯን ቃጭል ፈታች። የግራዋንም ፈታች። ጠቅልላ ከተቀመጠችበት ሥር ከተተችው።

«ቃጭል የለም» አለቻቸው። «አሁን አንተ አድምጥ።»

ጋሽ ደምሴ ቀስ ብለው መኪናዋን አንቀሳቀሷት። በዚያ ጸጥታ ውስጥ ድምፁ ለሁላችንም ቁልጭ ብሎ ወጣ። ቀጭ… ቀጭ… ቀጭ። ወዲያው ሞተሩን አጥፍተው ወረዱ። አንድ ጎማ ላይ የተሰነቀረ ድንጋይ አገኙና በካቻቢቴ ፈልቅቀው አወጡት። «አየሽ? ድንጋይ ነው! እንሂድ!» አሉ ደስ ብሏቸው። ተነሣን፤ ድምፁ ካለበት ንቅንቅ አላለም።

ያኔ ሳጎ ወርዳ «አንተ ቀስ በል፤ እኔ እሄዳለሁ» አለች። ጋሽ ደምሴ መኪናዋን በሰው እርምጃ ልክ ይነዳሉ፤ ሳጎ ጎንበስ ብላ ከፊተኛው ጎማ ጎን ትሄዳለች፣ ከዚያ ዞራ በሌላው በኩል። እኔ ከላይ ሆኜ ወገቤን ሲመታኝ «አሁን… አሁን… አሁን» እላለሁ። ከኋላ በግራ በኩል ስትደርስ ሸራውን በመዳፏ ደበደበችው።

«ይሄ! ይሄ እግሩ ነው የሚጮኸው!»

ጋሽ ደምሴ ከጎማው ፊት ተንበረከኩ። ጎማውን ከመኪናው ጋር የሚያስሩት ዳዶዎች ገሚሱ የሉም። የቀሩት ያለ መፍቻ፣ በጣት ብቻ የሚዞሩ ሆነው ነበር። ጎማውን የተሸከመው ቸርኬ የሚሽከረከረው እየተወላገደ ነው፤ ቀጭ የሚለውም እሱ ነው። ጋሽ ደምሴ አፈሩ ላይ ዘጭ ብለው ተቀመጡ።

«ትናንት ወንዝ ውስጥ እሾህ አፈንድቶብኝ የቀየርኩት ጎማ ነው» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ። «አሸዋው ክሪኩን ይውጥብኛል፣ ደመናው ከላይ ይጠቁራል። ዳዶውን ጎማው አየር ላይ እያለ አሰርኩት። መሬት ሲነካ ደግሞ ማጥበቅ ነበረብኝ፤ ጎርፉን ፈርቼ ከወንዙ ሮጬ ወጣሁ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች!»

ከፊታችን ወደ ቀይ አፈር የሚያወጣው ዳገት ነበር፤ በአንድ ወገን ገደል ነው። ሁላችንም ወደዚያ አየን።

ከዚያ በኋላ ጋሽ ደምሴ ዓይኔ እያየ ሌላ ሰው ሆኑ። ንጭንጩ ጠፋ፤ እጃቸው ብቻ ይሠራል። መኪናዋን በክሪክ አነሡና ከሌሎቹ ጎማዎች አንዳንድ ዳዶ እየፈቱ ለታመመው ጎማ አዋሱት። ሲያወርዱት እንደገና አጠበቁት፤ መፍቻው ላይ በእግራቸው ቆመው ሁሉ ረገጡት። ጥቂት ተጉዘን ቆመው አዩት። ዳገቱን ጨርሰን ቀይ አፈር ስንደርስም ወርደው አዩት። ከዚያ በኋላ ከሞተሩ በቀር የሚሰማ ድምፅ አልነበረም፤ ዕድሜዬን ሙሉ እንደዚያ ያለ ዕረፍት አላውቅም።

ጂንካ የገባነው ፀሐይዋ ሳትጠልቅ ነው። ከብቶች የአውሮፕላን ሜዳው ላይ ሣር ይግጡ ነበር። የጤና ጣቢያው አዋላጅ ሳጎን አይታ «ይህቺ በዚህ ቅቤዋ አትገባም» አለች። ሳጎ ገባች። ነጩ አንሶላ ቀይ አፈር በቀይ አፈር ሆነ። አዋላጇ እያጉረመረመች ጥቂት ታግላ ተወችው፤ ኋላማ «ትከሻዋን ያዢልኝ፣ እንዲህ አድርጊልኝ» እያለች ታዛት ጀመር። ልጄ በእግሯ መጣች፤ ሰማያዊ ሆና፣ ዝም ብላ። አዋላጇ መታ መታ ስታደርጋት ጮኸች። «ጥቂት ብትዘገዩ ኖሮ ይሄን ድምፅ አንሰማውም ነበር» አለችን። እናቴ ወሬው ደርሷት እየሮጠች ስትገባ ሳጎ ራስጌዬ ቆማ አገኘቻት፤ ማን ናት ብላ ሳትጠይቅ አቅፋ ሳመቻት። የእናቴ ነጠላ ከዚያ በኋላ ስንቴ ታጥቦ ያ ቅላት አለቀቀውም፤ እናቴም ሌላ ግዙልኝ አላለችም።

ይህን ተናግሬ ስጨርስ ልጄ ጠጠሯን ጥላ ተነሣች። «ሳጎ አለች?» አለችኝ። ጋሽ ደምሴ አርፈዋል፣ ነፍሳቸውን ይማርና። ሳጎ ግን አለች፤ ጤናዋን ከቱርሚ በሚመጣ ሰው ሁሉ እጠይቃለሁ። ከተያየን ግን ብዙ ዘመን ሆኖናል። ገበያውን ትተን በዲመካ በኩል ወረድን።

ሳጎን ያገኘናት ከቱርሚ ወጣ ብሎ ባለው መንደሯ፣ ከቤቷ ደጃፍ ቁርበት ላይ ተቀምጣ ነው። ዓይኗ ደክሟል። በድምፄ አወቀችኝና «አንተ መጣህ?» አለችኝ። ልጄን ወደ እሷ ሳቀርባት ፊቷን በሁለት እጇ ዳበሰችው፤ ግንባሯን፣ አፍንጫዋን፣ አገጯን። «ይሄ ነው? ትልቅ ሆነ» አለች።

ልጄ፣ እኔ ቱርሚ ተመልሼ ስንት ዓመት አብሬያት ወተት ስጠጣ አፍሬ ያልጠየቅኳትን ነገር እንደ ዋዛ ጠየቀቻት። «ያን ቀን ዲመካ ላይ ለምን አልወረድሽም? የወንድምሽ ልጅ የሚዘልበት ቀን አልነበር?»

ሳጎ ጥያቄው የገረማት መሰለች። «እሱ ብዙ ሰው ነበረው» አለች። በእጇ እየዳበሰች እኔን ፈለገችና ጉልበቴን አገኘችው። «ይሄ ማን ነበረው?»

ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ልጆችን «አመሰግናለሁ» ማለት ሳስተምር ኖሬአለሁ። በመኪናው ውስጥም ምን እንደምላት ስሰናዳ ነበር የመጣሁት። የተሰናዳሁት ሁሉ ጠፋብኝ። እጇን ይዤ አለቀስኩ። ልጄ ግን ጎንበስ ብላ የሳጎን ጉልበት ሳመች።