ለግብ ጠባቂዋ የተላኩ ሽማግሌዎች

ቅዳሜ ማለዳ፣ ጄኔቫ

ከቤት የወጣሁት ልጄን ከቡድኗ እንዳያስወጡብኝ ለመለመን ነው። መክሊት ሃያ ዓመቷ ነው፤ ዙሪክ ውስጥ በሴቶች የበረዶ ሆኪ አንደኛ ሊግ ግብ ጠባቂ ናት። ሐሙስ ዕለት ታላቅ ወንድሜ ጋሽ ወርቁ ደወለ። ልጄ የምትኖረው እሱ ቤት፣ ሽዋመንዲንገን በሚባለው የዙሪክ ሰፈር ነው። ክለቡ በዝውውር አንዲት ፊንላንዳዊት ግብ ጠባቂ ማስመጣቱን ነገረኝ። እንግዲህ ሦስት ሆኑ፤ በጨዋታ ቀን የሚያስፈልጉት ግን ሁለት ብቻ ናቸው። የመጪው ዓመት ስም ዝርዝር ደግሞ ሰኞ ይዘጋል።

«ሽማግሌ ሰብስቤያለሁ» አለኝ። «ብርሃኑ አለ፣ ከድር ከአፎልተርን ይመጣል፣ ሦስተኛው እኔ ነኝ። የክለቡ ኃላፊ የፍሪቡር ሰው ናት። አንቺ በፈረንሳይኛ ታስተረጉሚያለሽ።»

«ጋሼ፣ አንተ እኮ ጀርመንኛ ታውቃለህ።»

«ትራም ስጠግን ማዘዝና መታዘዝ ነው የተማርኩበት። መለመን አልችልበትም። ለመክሊት እንዳትነግሪ ብቻ።»

አልነገርኳትም። ከአሥራ ስድስት ዓመቷ ጀምሮ ለዚህ ጨዋታ ስትል ከእኔ ተለይታ ትኖራለች። የሙያ ልምምዷን፣ ዙሪኮች ሌሬ የሚሉትን፣ ያገኘችው በክለቡ በኩል ነው፤ ስፖርተኞች በሚታከሙበት ክሊኒክ። ከቡድኑ ከወጣች ሁለቱም ባንድ ቀን የሚሄዱባት መሰለኝ።

ባቡር ውስጥ

ከጄኔቫ ስትነሡ በስተቀኝ ተቀመጡ። ሐይቁ እስከ ሎዛን ድረስ አብሯችሁ ይሄዳል፤ ከሎዛን በኋላ ባቡሩ ወይን በተተከለበት እርከን ሽቅብ ይወጣና ዋሻ ውስጥ ሲገባ ሐይቁ ባንዴ ይጠፋል። ቅቤ የበዛበት ዳቦና ሻይ ገዛሁ፤ ለሁለቱ ከዘጠኝ ፍራንክ በላይ ጠየቁኝ፤ ሻዩም ለብ ያለ ነበር።

የሊጉን ደንብ አትሜ ይዤ ነበር። ያልገባኝን ቃል በእርሳስ እያሰመርኩ ሳነብ ፊት ለፊቴ የተቀመጡ ሽማግሌ ስዊስ ወረቀቱን አይተው በፈረንሳይኛ፣ «ሆኪ ይጫወታሉ?» አሉኝ። ፀጉሬ ሽበት ነው፤ እየቀለዱ መሆናቸው ገባኝ።

«ልጄ ናት። ግብ ጠባቂ ናት።»

«እነሱማ ትንሽ ያማቸዋል። ጠጣሩ ጎማ እየበረረ ሲመጣ ሁላችን እንሸሻለን፣ እነሱ ይጠጉታል።»

«ልጄ ረጋ ያለች ናት።»

«እንግዲያው የባሰባት እሷ ናት» አሉ። ቀጥለውም በአሜሪካ ቡድኖች ወጣቶቹን ተራ ገብተው እንደሚመርጡ፣ ያንንም ድራፍት እንደሚሉት፣ እዚህ አገር ግን ነገሩ ሁሉ በስልክና በቢሮ እንደሚያልቅ አስረዱኝ። በቢሮ የሚያልቅ ከሆነ ሽማግሌ መላካችን ያን ያህል ሞኝነት አይደለም ብዬ ተጽናናሁ። ፍሪቡር ካለፍን በኋላ የባቡሩ ማስታወቂያ ጀርመንኛውን አስቀደመ፤ እኔም ደንቡን አጠፍኩ።

ከረፋዱ አምስት ሰዓት፣ ዙሪክ

ከዋናው ጣቢያ በሰባት ቁጥር ትራም ሄድኩ። ትራሙ መንገዱን አጋምሶ መሬት ውስጥ ይገባል፣ ሲወጣ ሽዋመንዲንገን ነው፤ ረድፍ ረድፍ ሆነው የቆሙ የማኅበር ቤቶች፣ በየመካከላቸው ሣርና የልብስ ማስጫ ገመድ። ሦስቱ ፌርማታው ላይ ቆመው አገኘኋቸው። በዚያ ሙቀት ሦስቱም ሙሉ ልብስና ክራባት አድርገዋል፤ አቶ ብርሃኑ ነጠላም ደርበዋል። ጡረታ የወጡ ነርስ ናቸው፤ በሽዋመንዲንገን ስንት ባልና ሚስት እንዳስታረቁ ራሳቸውም አያውቁትም።

«ከሆኪ ቡድን ጋር ግን አስታርቄ አላውቅም» አሉኝ በአውቶቡስ ስንሄድ።

ጋሽ ከድር ከኋላ ወንበር፣ «ያው ነው። ኩርፊያ ኩርፊያ ነው» አሉ።

የበረዶ አዳራሹ በበጋ በረዶ የለውም። የሚያስፈራ ነጭ ሜዳ ጠብቄ ሲሚንቶ አገኘሁ፤ ጎማና የረጠበ ጨርቅ ይሸታል። ቢሮው ፎቅ ላይ ነው። ኃላፊዋ ዐርባ ዓመት የሚሆናት ሴት ናት፤ ነጠላ ጫማ አድርጋለች። በሯን ከፍታ ሦስት ባለክራባት ሽማግሌዎች ስታይ አንድ ሰው የሞተ መስሏት ቀለሟ ተለወጠ። ማንም እንዳልሞተ በመንገር ጀመርኩ።

ወንበር አቀረበችልን። ጋሽ ወርቁ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ «የመጣንበትን ሳይፈጽሙልን አንቀመጥም በይልን» አለኝ። አልኩላት። ወንበሩ ስላነሰ መስሏት ከጎን ክፍል ሌላ ጎትታ አመጣች። ሦስቱ ሽማግሌዎች በአምስት ወንበሮች መካከል ቆሙ። ባገራችን ለልመና የሄደ ሽማግሌ እሺ ሳይባል እንደማይቀመጥ ሳስረዳት እሷም ከወንበሯ ተነሣች፤ አምስታችንም ቆምን።

አቶ ብርሃኑ ጀመሩ። «ልጃችንን ለእናንተ ሰጥተናል። ጥፋት ካላት እኛ እንመክራለን። ከቤታችሁ ግን አታስወጡብን።» ተረጎምኩ። ኃላፊዋ ከጠረጴዛዋ ላይ ወረቀት አንሥታ አየችና፣ «መክሊት አልወጣችም። ዝርዝሩ ውስጥ አለች፣ ሦስተኛ ግብ ጠባቂ ናት» አለች።

ያንን ተረጎምኩ። ጋሽ ወርቁ «ተመስገን» ብሎ ወንበር ሳበ፤ ጉልበቱን ማጠፍ ጀምሮ ነበር።

ኃላፊዋ ግን አልጨረሰችም። «የሚገርመኝ እናንተ መምጣታችሁ ነው። እሷ እኮ ልቀቁኝ ብላ ጽፋልናለች። ቪንተርቱር ላለ ሁለተኛ ሊግ ቡድን ለአንድ ዓመት በውሰት እንድንሰጣት ጠየቀች። ማክሰኞ አይሆንም አልኳት።»

በክፍሉ ውስጥ ይህን የሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ። ዝም ብል ሽማግሌዎቹ ይቀመጣሉ፣ እጅ ነሥተን እንወጣለን፣ ልጄም አንደኛ ሊግ ትቀራለች። ወደ ታች ሊግ መውረድ ለእኔ መውደቅ ነበር። ግን ለማስተርጎም የመጣ ሰው ግማሹን አይውጥም። ሁሉንም አንድ በአንድ ተናገርኩ።

ጋሽ ወርቁ ሳይቀመጥ ቀና አለ።

«ልትሄድ ፈልጋ?»

ጋሽ ከድር ወደ እኔና ወደ ወንድሜ ተራ በተራ አዩን። «ልጅቷን ሳትጠይቁ ነው እንዴ ያመጣችሁን?»

ኃላፊዋ መክሊት እታች የክብደት ክፍል ውስጥ እንደሆነች ነግራን አስጠራቻት። ላቧን በፎጣ እየጠረገች መጣች፤ በሩ ላይ ቆመች፤ ሽማግሌዎቹን፣ ወንበሮቹን፣ እኔን አየች።

«እማ፣ ይሄ ምንድነው? ጋሼ፣ ክራባት ለምን?»

«ልናስቀርሽ መጥተን ነበር» አልኳት።

«እኔ መቅረት አልፈልግም። አምና ሁለት ጨዋታ ብቻ ነው የገባሁት። ስለዚህ ሌላውን ጊዜ ቁጭ ብዬ የሌላ ሰው ውኃ ነው የምይዘው። ቪንተርቱር በየሳምንቱ እጫወታለሁ። ባቡር ሃያ ምናምን ደቂቃ ነው፣ ሌሬዬም እዚሁ ይቀጥላል፣ ጠይቄያለሁ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

ፎጣውን አጣጠፈችው። «አንቺ ቤተ ክርስቲያን ለሁሉም አንደኛ ሊግ ብለሻቸዋል።»

እውነቷን ነው። አፈርኩ። እኔ ራሴ በሠላሳ አራት ዓመቴ ትምህርት ስጀምር የመደቡኝ ፊደል ከቆጠሩ ሰዎች ጋር ነበር። ምንም ሳይገባኝ አንድ ወር ተቀመጥኩና፣ ዝቅ ወዳለው ክፍል አውርዱኝ ብዬ ለምኜ ወረድኩ። ማንበብ የጀመርኩት እዚያ ነው። ይህን ለመክሊት ነግሬአት አላውቅም ነበር፤ እዚያው ቆሜ ነገርኳት።

አቶ ብርሃኑ ነጠላቸውን አስተካከሉ። «እንግዲህ ልመናው ይዙር።»

«ለማስቀረት መጥተን ለማስወጣት እንለምን?» አለ ጋሽ ወርቁ።

«ቆመን የለም እንዴ? እግራችን ሳይዝል እንጨርሰው።»

ወንድሜ ጉሮሮውን ጠረገ። «እመቤቴ፣ ልጃችንን ለአንድ ዓመት ይልቀቁልን። ስትበረታ ለእርስዎው ትመለሳለች። ቃላችን ነው» አለ። እኔም ተረጎምኩ። ኃላፊዋ እምቢ ያለችበትን ምክንያት ተናገረች፤ ከሁለቱ አንዷ ብትጎዳ ግብ ጠባቂ እንዳታጣ ነው። ያነበብኩት ደንብ የዚያን ጊዜ ጠቀመኝ። በውሰት የሄደች ተጫዋች የምትመለስበትን ሁኔታ ክለቦቹ በውላቸው ላይ መጻፍ ይችላሉ፤ ያሰመርኩበትን ገጽ አሳየኋት። መነጽሯን አድርጋ አነበበችው። ከዚያ ለመክሊት፣ «አንዷ ከተጎዳች በማግሥቱ እዚህ ነሽ» አለቻት።

«በዚያው ቀን» አለች መክሊት።

ኃላፊዋ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞራ እጇን ወደ ወንበሮቹ ዘረጋች። ሲቀመጡ ወንበሮቹ አንድ ላይ ጮኹ፤ ጋሽ ከድር ጫማቸውን ፈታ አደረጉ። ከዚያ ቀን በፊት ሰው ሲቀመጥ አይቼ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ማታ፣ ወደ ቤት

ሽዋመንዲንገን ምስር ወጥ በልተን መክሊት ጣቢያ ድረስ ሸኘችኝ። ባቡሩ ሊነሣ ሲል፣ «እማ፣ ቪንተርቱር ልታዪኝ ትመጫለሽ? አሁን እኮ ሜዳ ውስጥ ነው የምታዪኝ» አለችኝ። በርን ከተማን ካለፍን በኋላ እንቅልፍ ወሰደኝ፤ ሐሙስ ከመጣው ስልክ ወዲህ የተኛሁት ያን ጊዜ ነው።

ከዚህ ጉዞ የያዝኩት፣ ለሰው ከመለመን በፊት ሰውየውን መጠየቅ እንደሚገባ ነው። አራት ትልልቅ ሰዎች ይህን ለመማር ክራባት አስረን፣ አገር አቋርጠን ሄድን።

ቤቴ ገብቼ ጫማዬን ሳላወልቅ ስልኬ ጮኸ። ቤተ ክርስቲያን አብረን የምናስቀድስ እትዬ ዘውዴ ናቸው፤ ወሬው ከእኔ በፊት ጄኔቫ ደርሷል።

«ስንዱ፣ ልጅቷን ከአንደኛው ሊግ አወጧት የሚባለው እውነት ነው?»

«እውነት ነው፣ እትዬ። እምቢ ብለው ነበር» አልኳቸው። «ሽማግሌ ልከን ነው ያስለቀቅናት።»