ጫማዬን የወሰዱብኝ ሰሞን

አሰልጣኛችን የመሮጫ ጫማዬን በፌስታል ጠቅልለው ወሰዱብኝ። በቃ፣ እንደ ሕፃን ልጅ። ቅልጥሜ መጠዝጠዝ ከጀመረ ሰንብቷል፤ ልቤ ደግሞ ገና ከፍራሽ ሳልነሳ ዳገት የወጣሁ ያህል ይደልቃል። እጄን ይዘው ሰዓታቸውን እያዩ ምቴን ቆጠሩና ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ሰውነትሽ ደክሟል። ምትሽ ሲረጋ ጫማሽን ትወስጃለሽ።»

«ማጣሪያውስ?»

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» አሉኝና ሄዱ።

ለእሳቸው ተረት መተረት ቀላል ነው። የዞኑ ማጣሪያ ደርሷል፤ በአምስት ሺህ ሜትር ለክልሉ ውድድር የምታልፈው ሴት ደግሞ አንድ ብቻ ናት። እኔ ካላለፍኩ የምታልፈው አብራኝ የምትኖረው ጓደኛዬ እንደሆነች ቡድኑ በሙሉ ያውቃል። ሁለታችንም ከደጋው፣ ከጨንቻ ነው የወረድነው። በከተማው ላይኛው ሰፈር፣ ሴቻ ውስጥ፣ አስፋልቱ ዳር ባለች አንዲት ክፍል፣ ፍራሽ ለፍራሽ ተጠጋግተን እንኖራለን።

ማረፍ እንዲህ ከባድ መሆኑን ማን ነገረኝ! ሊነጋጋ ሲል እሷ ጫማዋን ስታስር ዓይኔን ጨፍኜ የተኛሁ እመስላለሁ። ትንሽ ቆይቶ ቡድኑ ከታችኛው ሰፈር፣ ከሲቀላ ዳገቱን ወጥቶ በደጃችን ሲያልፍ እሰማለሁ። የእሷን እርምጃ ከሁሉም ለይቼ አውቀዋለሁ። ዛሬ ፈጠነች? ከፊት ናት? አሰልጣኛችን መጥተው እጄን ሲይዙ ልቤ ገና ከእነሱ ጋር ዳገቱ ላይ ነው።

«ተኝተሽ ነው እንዴ የምትሮጪው?» ይሉኛል።

ጫማዬን ካላገኘሁ ብዬ እፈራለሁ፤ ስፈራ ምቴ ይጨምራል፤ ምቴ ሲጨምር ጫማዬ ይቀራል። ሊያሳብዱኝ ነው አልኩ።

«እቤት ሄጄ ልረፍ» ብዬ ጨንቻ ወጣሁ። እዚያ ደግሞ እግርን ዘርግቶ መቀመጥ ነውር ነው፤ ያልታመመ ሰው በቀን አይቀመጥም። እናቴ ምንም ሳትለኝ ጀሪካኑን አነሳሁ። ለእኛ አገር ሰው ልፋት የሚባለው ሩጫው ነው፤ ውኃ ተሸክሞ ዳገት መውጣትማ ዕረፍት ነው። ስመለስ ቅልጥሜ ከበፊቱ ብሶበት ነበር። አሰልጣኛችን ያረፍኩበትን መንገድ ሲሰሙ መሳቅም መቆጣትም አቃታቸው።

ከዚያ በኋላ ተስፋ ቆረጥኩ መሰለኝ። አንድ ጠዋት በር ሲንኳኳ ነቃሁ። ፀሐይ ወጥታለች፤ የጓደኛዬ ፍራሽ ባዶ ነው፤ ደጃፍ ላይ አሰልጣኛችን ቆመዋል።

«ቡድኑ ሲያልፍ ሰምተሻል?»

«አለፉ እንዴ?» አልኩ ዓይኔን እያሸሁ።

እጄን እንኳ አልያዙም። ፌስታሉን ሰጡኝ።

በማጣሪያው ዕለት እግሬ አላመመኝም። እስከ መጨረሻው ዙር አብሬያት ነበርኩ፤ መግቢያው ላይ ጥላኝ ሄደች። እሷ አለፈች፣ እኔ ተጠባባቂ ሆንኩ። ቆጨኝ፤ ምን ይደበቃል።

ከሰዓት በኋላ ቤት ገብተን ሙዝ እየላጥን ሳለ ካልሲዋን ቀስ አድርጋ ዝቅ አደረገች። ቅልጥሟ አብጧል። ጣቴን ባስነካው ጮኸች።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ያንቺን ጫማ ሳይወስዱብሽ በፊት። የኔንም እንዳይወስዱብኝ ፈርቼ ዝም አልኩ።» ክንዴን ያዘችኝ። «በናትሽ እንዳትነግሪያቸው።»

ብነግራቸው ቦታው የኔ ነው። ባልነግራቸው እግሯ የሚሆነውን እግዜር ያውቃል። በእኔ ቤት ከማጣሪያው ጋር ጭንቀቱም ያለፈ መስሎኝ ነበር። ዝም ብላት ደግ እባላለሁ፤ ብናገር ግን ዕድሜ ልኳን እንዴት ታየኛለች?

ተነሳሁ። ጫማዋን ከበሩ ጥግ አንስቼ ትራሴ ሥር ከተትኩት።

«ነገ አሰልጣኛችን ሲመጡ እግርሽን አንቺው ራስሽ ታሳዪያቸዋለሽ» አልኳት። «ቦታሽን ፈልጌ አይደለም።»

አላመነችኝ ይሆናል። ጫማውን ግን አልቀማችኝም።

በማግስቱ እኔም ከሩጫው ቀርቼ አሰልጣኛችንን ስጠብቅ፣ ንጋት ላይ ቡድኑ ዳገቱን ወጥቶ በደጃችን ሲያልፍ ሰማሁ። ልቤ ይደልቃል። እሷ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ለጥ ብላ ተኝታለች።