የአባቴ ሳጥንና የጓሮው ጉድጓድ

ክልሉ አዲስ በነበረበት ጊዜ አሶሳ ውስጥ ሰው ሁሉ ይደክመው ነበር። እኔ የምሠራበት ቢሮ ማህተሙ ከወንበሩ ቀድሞ የደረሰበት ነው፤ ታይፒስት ሆኜ ግማሽ ቀን ቆሜ እጽፍ ነበር። ሰው ፊቴን አይቶ ሥራ በዛብሽ ሲለኝ እሺ ብዬ አልፋለሁ። እውነቱን ለማን እነግራለሁ? ያደከመኝ የአባቴ ሽንት ቤት ነበር።

አባቴ በደርግ ጊዜ ከወሎ መጥተው ከከተማው ወጣ ባለ የሰፈራ መንደር የሚኖሩ ገበሬ ናቸው። በዚያ ዕድሜያቸው ማንጎ ላወርድ ብለው ዛፍ ላይ ወጥተው ወደቁና ዳሌያቸው ተሰበረ። እናቴ ከሞተች ቆይታለች፣ ከእኔ ሌላ ልጅ የላቸውም፤ ስለዚህ ወደተከራየሁት ክፍል አመጣኋቸው። ቤቱን ድሮ አንድ ሹም ስላሠራው ጓሮው ውስጥ ሴፕቲክ ታንክ የሚባል፣ በሲሚንቶ የተገነባ ጉድጓድ ያለው ሽንት ቤት ነበረው። አከራዬና እኔ በጋራ እንጠቀምበታለን፣ በባልዲ ውሃ እንለቅበታለን። ለዚያ ጊዜ አሶሳ ትልቅ ነገር ነው። ታዲያ ቁጢጥ ተብሎ የሚቀመጡበት ነው፤ አባቴ ደግሞ እንኳን ቁጢጥ ማለት፣ ከአልጋ መውረድም ጭንቃቸው ነበር።

መላው ከቢሮ ተገኘ። ውሃ ሊያጠኑ መጥተው ሆሞሻ በኩል ድንኳን ተክለው የከረሙ ባለሙያዎች ትተውት የሄዱት ዕቃ መጋዘን ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ከመካከሉ አንድ ተንቀሳቃሽ ሽንት ቤት ወጣ፤ ነጭ የፕላስቲክ ሳጥን፣ ከላይ መቀመጫ፣ ከታች ተነቅሎ የሚወጣ ማጠራቀሚያ ያለው። ሽታ የሚያጠፋ ሰማያዊ መድኃኒትም በጀሪካን አብሮት ነበር። አለቃዬ አዘኑልኝና ውሰጂው አሉኝ።

ከዚያ በኋላ በየማለዳው፣ ቢሮ ከመግባቴ በፊት፣ ማጠራቀሚያውን ነቅዬ ነጠላ አለብሰውና ጓሮ ወስጄ ሽንት ቤቱ ውስጥ እደፋዋለሁ። አባቴና እኔ ስለዚህ ነገር አንድም ቀን አንድ ቃል አልተነጋገርንም። እኔ ሳነሳው እሳቸው ግድግዳውን ያያሉ። ልብስ ላጥብ ነው እላለሁ፣ በርቺ ይሉኛል። የገዛ ልጃቸው ይህን ስትሸከም ማየት ለእሳቸው ሞት ነው፤ እኔም ስሙን መጥራት ድፍረት ይመስለኝ ነበር። ይሉኝታ እንዲህ ነው፤ ሁለታችንም እያወቅን ልብስ አጠብን።

የጀሪካኑ ጽሑፍ ተፍቆ ስለነበር መድኃኒቱን በግምት ነበር የምጨምረው። የአባቴ ሽታ ለአከራዬ እንዳይደርስ ብዬ ከአንድ ክዳን ወደ ሁለት፣ ከሁለት ወደ ብርጭቆ ሙሉ ከፍ አደረግሁት። ደግ የሠራሁ መስሎኝ ለጉድጓዱም ለብቻው እደፋለት ጀመር። ሁለት ወር እንኳ ሳይሞላ ጓሮው ከረፋ፤ ሽንት ቤቱም ውሃ መዋጥ አቃተው። እኔ ምን አደረግሁ? መድኃኒት ጨመርኩ።

አከራዬ የአገሩ ተወላጅ፣ የበርታ ብሔረሰብ ሴት ናት፤ ገበያ ውስጥ በርበሬና ሰሊጥ የምትሸጥ፣ ባሏ የሞተባት ጠንካራ ሴት። አማርኛን ገበያ ላይ ነው የለመደችው፤ ለሴቱም ለወንዱም፣ ለሹሙም ለተሸካሚውም አንተ ነው የምትለው። አንድ ቀን ጠዋት በሬ ላይ ቆመች።

«አንተ፣ አባትህ ታሟል፣ አውቃለሁ። ግን ጉድጓድ ሞላ። ጉድጓድ የሁላችን ነው። አልተስተካከለም፣ ሌላ ቤት ፈልግ።»

እውነቷን ነው። ሽንት ቤት የሚመጥ መኪና በአገሩ አልነበረም። ከየወረዳው ሠራተኛ እየጎረፈ ስለነበር የሚከራይ ቤትም ጠፍቷል። የተሰበረ ሰው ይዤ የት ልገባ?

ከዚያ ቀን በኋላ ሳጥኑ እየቀለለኝ መጣ። መናገሩ ያሳፍረኛል፣ ግን ደስ ብሎኝ ነበር። ጉድጓዱ እፎይ ይላል ብዬ አሰብኩ። የአባቴ ከንፈር ሲሰነጣጠቅ ሳይ ደግሞ የአሶሳ በጋ ነው አልኩ። ውሃ ጠጡ ስላቸው ጠጥቻለሁ ይሉኛል፤ ጣሳውም ባዶ ነው።

የካቲት ነበር። ልብስ ላወርድ ከቤቱ ጀርባ ስዞር መሬቱ ሁሉ ደርቆ ተሰንጥቋል፣ ከአባቴ አልጋ አጠገብ ካለው መስኮት ስር ያለው ብቻ ረጥቧል። ሣር አብቅሏል። እዚያው ልብሱን እንደታቀፍኩ ቁጭ አልኩ።

ገብቼ ውሃውን ለምን በመስኮት እንደሚደፉት ጠየቅኋቸው። እንደ ልማዳቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

«ከጠጣሁ ይሞላል» አሉ። «ሲሞላ ደግሞ አንቺ ቤት ታጪያለሽ። ሴትየዋ የተናገረችውን ሰምቻለሁ።»

አለቀስኩ፤ ተናደድኩም። እያለቀስኩ ሁሉንም ዘረገፍኩት፤ ሳጥኑን፣ ነጠላውን፣ ጉድጓዱን፣ መድኃኒቱን፣ ብርጭቆ ሙሉ መድፋቴን። መድኃኒቱ ላይ ስደርስ አባቴ ከግድግዳው ዞሩ።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። አንቺ ደግሞ ደብቀሽ መድኃኒቱን ትደፊያለሽ። ቡኮ ላይ በረኪና ይደፋል?»

ሰፈራ በገቡ ዓመት ካድሬው ለመንደሩ ሁሉ የሽንት ቤት ጉድጓድ ያስቆፈረው አባቴን እንደነበር ያን ቀን ነው የሰማሁት። ጉድጓድ እርሾ አለው አሉኝ። የገባበትን የሚያብላላው እሱ ነው፤ እርሾው ከሞተ እንዳለ ተቆልሎ ይቀራል። እነሱ አዲስ ጉድጓድ ሲከፍቱ ከአሮጌው በጣሳ ቀድተው ይጨምሩበት ነበር። ይህን ሁሉ የሚያውቅ ሰው ከጉድጓዱ አሥር እርምጃ ርቆ ተኝቶ፣ እኔ አፍሬ ሳልጠይቀው ሁለት ወር አለፈ።

አከራዬን ጠራኋት። አባቴ እንደገና አስረዱ። የማሽላ ሊጥ የምታቦካ ሴት ስለሆነች እርሾ ምን እንደሆነ መንገር አላስፈለገም፤ ሳቀች። በማግስቱ ከተማው ዳር ካለው ከእህቷ ቤት ጉድጓድ ሁለት ቆርቆሮ ቀዳን። የአገሩ ሴቶች እንደሚሸከሙት እንጨቱን ትከሻዋ ላይ አጋድማ፣ ቆርቆሮዎቹን በሁለቱ ጫፍ አንጠልጥላ በገበያው መሀል አለፈች፤ እኔ አንገቴን ደፍቼ እከተላታለሁ። ምን ይዛችሁ ነው ያለንን ሁሉ ኮስተር ብላ እርሾ ነው ትለዋለች።

ያመጣነውን ጉድጓዳችን ውስጥ ጨመርነው፤ መድኃኒቱን ወደ መጋዘኑ መለስኩት። ሳጥኑ ውስጥ ውሃ ብቻ ማድረግ ጀመርኩ፤ ስደፋውም በላዩ ብዙ ውሃ እለቅበታለሁ። በሦስተኛው ሳምንት ሽታው ቀነሰ፣ ሽንት ቤቱም መዋጥ ጀመረ። አከራዬ የቤቱን ነገር አላነሳችም። አንድ ቀን የባሚያ ወጥ ላከችልን፤ እዚያው እንድንቆይ መልስ መስጠቷ መሆኑ ገባኝ።

አባቴ ግን አሁንም ከንፈራቸውን ብቻ ነበር የሚያርሱት። ጉድጓዱ ዳነ ብላቸውም አያምኑኝም። በመጨረሻ፣ ሽታው ጨርሶ የጠፋ ዕለት፣ ለምሳ ስገባ ገና ጫማዬን ሳላወልቅ፣ «ውሃ ስጪኝ» አሉኝ። ጣሳውን ጨርሰው መልሰው ዘረጉልኝ። ሁለተኛውንም ጨረሱ።

በማግስቱ ማለዳ ማጠራቀሚያውን ነቅዬ ነጠላዬን ላለብሰው ስል አባቴ ግድግዳውን አላዩም።

«ተይው ነጠላሽን፣ ይቆሽሻል» አሉኝ። «ሞልቷል፤ በሁለት እጅሽ ያዢው።»

እውነትም ሞልቶ ነበር። በሁለት እጄ ይዤ ወጣሁ፤ እንደ ሁልጊዜው ደክሞኛል፣ ግን ከብዶ ስላገኘሁት ደስ አለኝ።