«በጣም ጥቂት» ያልኩበት ቀን

ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ሸሚዝ ከሚሰፉት ፋብሪካዎች በአንዱ ሦስት ዓመት ሠርቻለሁ። የተቀጠርኩት ለስፌት ነበር። ትምህርት ቤት እያለሁ ግን በእንግሊዝኛ ደህና ውጤት ነበረኝና፣ ሁለት ወር ሳይሞላኝ ከስፌት መኪናዬ አስነስተው አስተርጓሚ አደረጉኝ።

ሥራዬ ጥራት የምትቆጣጠረው የውጭ አገር ሴት የምትለውን ለአለቃችን መንገር ነበር። አለቃችን ሠላሳ ያህል ሴቶች የምትመራ፣ በአሥር ዓመት የምትበልጠኝ የሲዳማ ሴት ነበረች። አማርኛ የለመደችው ሐዋሳ ከገባች በኋላ ነው። ከእኔ በአማርኛ የሰማችውን ዞር ብላ ለሴቶቹ በቋንቋቸው በሲዳሙ አፎ ትነግራቸዋለች።

ነገሩ የሆነው በሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ በፍቼ ዋዜማ ነው። በማግስቱ ፋብሪካው ዝግ ነው፤ የተሰፋውን ሸሚዝ የሚጭነው መኪና ግን በበዓሉ ቀን ስድስት ሰዓት ላይ መውጣት ነበረበት። ከሰዓት በኋላ ተቆጣጣሪዋ ክምሩን አገላብጣ አየችና ኮሌታቸው የተንሻፈፈ ሸሚዞች እንዳሉ ነገረችኝ። ስንት ናቸው ስላት፣

«ኳይት ኤ ፊው» ብላኝ ስልኳን እያነሳች ወጣች።

እኔ ደግሞ በተማርኩት መሠረት ተረጎምኩት። «ኳይት» በጣም ነው። «ኤ ፊው» ጥቂት ነው።

«በጣም ጥቂት ናቸው» አልኳት ለአለቃችን።

«እርግጠኛ ነሽ?»

«እንደዚያ ነው ያለችው።»

«በጣም ጥቂት ከሆነማ ነገ ጠዋት ሁለት ሰው ይበቃል» አለችና ሴቶቹን አሰናበተች። እየተሳሳቁ ሲወጡ አስታውሳለሁ። አንዷ በዚያ ዓመት የወለደች ነበረች፤ ልጇን ለመጀመሪያ ጊዜ ለፍቼ ይዛ ወደ ገጠር፣ ወደ ወላጆቿ ልትሄድ ነበር።

በማግስቱ ሁለት ሰዓት ላይ እኔ፣ አለቃችንና ሁለት ሰፊዎች ደረስን። አለቃችን የመጀመሪያውን ካርቶን ከፈተች፤ ከግማሽ በላዩ ሸሚዝ ላይ የተቆጣጣሪዋ ቀይ ምልክት ተለጥፎበታል። ሁለተኛውም እንደዚያው። ሦስተኛውም። አምስተኛው ላይ ስትደርስ መክፈቷን ተወችና ቀና ብላ አየችኝ።

«ጥቂት ነው ያልሽኝ።»

ስልኳን አውጥታ አንድ በአንድ መደወል ጀመረች። ግማሾቹ ስልክ አላነሱም። ያነሱትን ስትለምን ቋንቋው ባይገባኝም ከድምጿ ይገባኝ ነበር።

አሥራ አራት ሴቶች በባጃጅ መጡ። ለበዓሉ ለብሰው፣ ፀጉራቸውን ቅቤ ተቀብተው ነው የመጡት። ቅቤው ነጩ ሸሚዝ ላይ እንዳይንጠባጠብ ራሳቸውን በፌስታል አስረው፣ በላዩ ሻሽ ሸብ አድርገው ተቀመጡ። ያቺ የወለደችውም ከመናኸሪያ ተመልሳ ልጇን አዝላ መጣች። እኔም ከስንት ጊዜ በኋላ ስፌት መኪና ላይ ተቀመጥኩ። እየፈታሁ፣ እየሰፋሁ፣ ቀና ብዬ ማንንም ማየት አፈርኩ።

ሥራ አስኪያጁ አምስት ሰዓት ላይ ሲገባ ፊቱ ጠቁሯል። አለቃችን ላይ ጮኸባት። «ሥራ ሳያልቅ ሰው የምታሰናብቺው በማን ፈቃድ ነው?»

እሷ ወደ እኔ አልጠቆመችም። ያን ጊዜ ከስፌት መኪናው ተነሳሁ።

«ጥፋቱ የእሷ አይደለም። በትክክል አልተረጎምኩላትም።»

«እንግሊዝኛ ትችላለች ተብለሽ አይደል እንዴ እዚህ የቆምሽው?»

«ነው።»

የማስጠንቀቂያ ደብዳቤው ለእኔ ተጻፈ። መኪናው ሦስት ሰዓት ዘግይቶ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወጣ።

ሴቶቹ ፌስታላቸውን ከራሳቸው እየፈቱ በዓሉ ወደሚከበርበት ሜዳ፣ ወደ ጉዱማሌ ለመሄድ ሲነሱ እኔ ወደ ቤቴ ልሄድ ነበር። አለቃችን ክንዴን ያዘችኝ። «ነይ እንጂ» አለችኝ። አባቴ ለመምህርነት ተመድቦ ከወሎ የመጣ ነው፤ እዚሁ ከተማ ተወልጄ አድጌ ፍቼን ያየሁት ከአስፋልት ማዶ ሆኜ ብቻ ነበር። ስንደርስ ሕዝቡ እየተመለሰ ነው፤ አንድ ጥግ ላይ ግን ገና ይጨፈር ነበር። እዚያ ቆመን እያየን ነው ያጫወተችኝ።

«እኔ ከተማ እንደገባሁ ሰው ቤት ስሠራ፣ እመቤቲቱ ‹ስንትና ስንት ሰው መጣ መሰለሽ› ስትለኝ፣ የጠየቀችኝ መስሎኝ እንግዶቹን ቆጥሬ ‹ሃያ ሦስት› አልኳት። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ።»

ማታ ለአባቴ ስነግረው ይቆጣኛል ብዬ ነበር። ጡረታ የወጣ የአማርኛ አስተማሪ ነው። እሱ ግን፣ «ዜና ላይ ‹ጥቂት የማይባሉ ሰዎች› ሲሉ ብዙ ማለት መሆኑን ማን ነገረሽ? ማንም። ከሰው መሀል ሆነሽ ነው የሰማሽው። እንግሊዝኛውን ግን ከሰሌዳ ላይ ነው የገለበጥሽው» አለኝ።

ከበዓሉ በኋላ ተቆጣጣሪዋን ጠየቅኳት። «ኳይት ኤ ፊው» ብዙ ነው አለችኝ። «ኤ ፊው» ጥቂት ነው፤ «ኤ» ከፊቱ ከሌለ ደግሞ የለም ለማለት ትንሽ ሲቀረው ነው። «ኤ ካፕል» ሁለት ነው፤ አንዳንዴ ግን ሦስትም ይሆናል። «ሴቨራል» ስንት ነው ስላት ትከሻዋን ነቀነቀች። እሷም አታውቀውም። ከዚያ ወዲህ ብዛት በጠራች ቁጥር ቁጥሩን ወረቀት ላይ እንድትጽፍልኝ እለምናት ጀመር። መጀመሪያ ደበራት፤ ኋላ ግን ሳልጠይቃት ጽፋ ትሰጠኝ ነበር።

አለቃችን ከእኔ ጋር እንደ ድሮዋ ሆነች። ሌሎቹም ረሱት፤ አንዳንዶቹ እንዲያውም «በጣም ጥቂት» እያሉ ይቀልዱብኝ ነበር። ያቺ የልጇን የመጀመሪያ ፍቼ ስፌት መኪና ላይ ያሳለፈችው ግን አልቀለደችም። ሰላም ስላት በአንገቷ ብቻ ትመልሳለች። ይቅርታ ጠየቅኳት፤ «እሺ» አለችኝ። ፋብሪካውን እስከለቀቅኩበት ቀን ድረስ ከዚያ ሌላ ቃል ከአፏ አልሰማሁም።